የነጻ ማዴሽ ጥምረት፦ በኔፓል ቆላ የተነሳ ሰላማዊ የነጻነት ንቅናቄ

የነጻ ማዴሽ ጥምረት በደቡብ ኔፓል የሚኖሩት ማዴሺዎች ከካትማንዱ አገዛዝ ተላቀው የራሳቸውን ሀገር እንዲመሠርቱ ያለ ጦር መሣሪያ ሲታገል የቆየ ንቅናቄ ነው። በማርች 2019 ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ወደ ምርጫ ፖለቲካ ገብቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ ሲ ኬ ራውት በሳፕታሪ አውራጃ ተወልደው በቶኪዮና በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ፣ በአሜሪካም በተመራማሪነት የሠሩ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ወደ ትውልድ ሀገራቸው የተመለሱት በ2011 ነው።

ማዴሽ ወይም ታራይ የሚባለው ምድር ከተራሮቹ ግርጌ እስከ ሕንድ ድንበር የተዘረጋ፣ ሞቃትና ለም ሜዳ ነው። ከኔፓል የቆዳ ስፋት 17 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢይዝም ከሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚሆነው የሚኖረው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ማዴሺዎች የሚናገሯቸው ማይቲሊ፣ ቦጅፑሪና አዋዲ ከድንበሩ ማዶም ይነገራሉ፤ ድንበሩ ክፍት በመሆኑም ከወዲያና ከወዲህ መጋባትና መዛመድ የቆየ ልማድ ነው። የዛሬው ወሰን የተሠመረው የጎርካ መንግሥት (ያኔ የኔፓል መንግሥት የሚጠራበት ስም) እና የእንግሊዝ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ካደረጉት ጦርነት በኋላ፣ በ1816 በጸደቀው የሱጋውሊ ውል ነው። እንግሊዞች የምሥራቁን ታራይ አብዛኛውን ክፍል በዚያው ዓመት መለሱ፤ የምዕራቡን ደግሞ ኔፓል የ1857ቱን የሕንድ አመፅ ለማፈን ስለረዳቻቸው በ1860 ሰጧት። ጥምረቱ ክርክሩን የመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ ነዋሪው ሳይጠየቅ መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ ስለ ተላለፈ ማዴሽ በቅኝ ግዛት ሥር ነው ይላል። ተቃዋሚዎቹ ግን በዚህ ስም አንድ ሆኖ የቆመ መንግሥት በታሪክ አልነበረም ይላሉ፤ ከሜዳው ነባር ነዋሪዎች መካከልም ብዙዎቹ ታሩዎች ማዴሺ መባልን አይቀበሉም። ይህ ሁለተኛው ነጥብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ነጻ ትውጣ የምትባለው ሀገር የማን እንደሆነች የሚጠይቅ ነውና።

ይሁን እንጂ ወጣቱን ወደ ንቅናቄው የሳበው የመቶ ዓመታት ውል ሳይሆን የዕለት ተዕለት ውርደት ነው። ማዴሺው ወገቡ ላይ በሚያገለድመው ጨርቅ «ዶቲ» እየተባለ ይሰደባል፤ በሀገሩ ሳለም ሕንዳዊ ነህ ይባላል። በ1962 የወጣው ሕገ መንግሥት ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው የኔፓሊ ቋንቋ መናገርና መጻፍ እንዲችል ያዝዝ ስለነበር፣ የቤተሰቡን ነዋሪነት በሰነድ ማስረዳት ያልቻለ ማዴሺ ገበሬ በአባቶቹ መሬት ላይ እንደ ባዕድ ይቆጠር ነበር። የዜግነት ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ መሬት በስሙ ማዞርም ሆነ የመንግሥት ሥራ ማግኘት አይችልም። በ2006 ሕጉ ተሻሽሎ በመላ ሀገሪቱ 2.6 ሚሊዮን ያህል የዜግነት ወረቀት መታደሉ የችግሩን ስፋት በግልጽ ያሳያል።

ራውት በተመለሱበት ጊዜ በማዴሽ ጠመንጃ ብርቅ አልነበረም። ማኦኢስቶች የሚባሉት ኮሚኒስት አማፂያን ከኔፓል መንግሥት ጋር ያደረጉት ጦርነት ያበቃው በ2006 ሲሆን፣ ከእነርሱ የተነጠሉ የታጠቁ ቡድኖች በሜዳው ይንቀሳቀሱ ነበር፤ በ2007 እና በ2008 የተነሱት የማዴሽ አመፆችም ደም ያፈሰሱ ነበሩ። ጥምረቱ ነጻነት፣ ሰላማዊ ትግልና ዴሞክራሲ የሚሉ ሦስት መርሆችን ይዞ የተነሳው በዚህ መሀል ነው። ጋንዲ በ1917 የገበሬዎችን ሰላማዊ ትግል የመሩባት ቻምፓራን ከዚሁ ድንበር ማዶ መሆኗን ላሰበ፣ ምርጫው ለአካባቢው ባዕድ አይደለም።

መንግሥት ግን ንግግሩን ብቻ እንደ ወንጀል ቆጠረው። ራውት በሴፕቴምበር 2014 ተይዘው በመንግሥት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ሲከሰሱ በእስር ቤት የረሃብ አድማ መቱ፤ በቀጣዩ ዓመት ነጻ ቢባሉም እስሩ በተደጋጋሚ ቀጠለ። በ2018 ባለሥልጣን ፊት ጥቁር ባንዲራ አሳይቷል ተብሎ የተያዘ አንድ አባል በቁጥጥር ሥር ሳለ ሕይወቱ አልፏል። ለተቃውሞ የያዘው ጨርቅ ብቻ ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራውት እንዲፈቱ ባዘዘ ማግስት፣ ማርች 8 ቀን 2019፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር ኬ ፒ ሻርማ ኦሊ መንግሥት ጋር ባለ 11 ነጥብ ስምምነት ተፈረመ። ክርክሩ ሁሉ በውስጡ ባለች «ጃናአቢማት» በምትባል አንዲት ቃል ላይ ወደቀ። የሀገሪቱ ሉዓላዊነትና የግዛት አንድነት እንደተጠበቀ ሆኖ ጉዳዮች በጃናአቢማት እንዲፈቱ ሲባል፣ መንግሥት ቃሉን የሕዝብ ፈቃድ ብሎ ተረጎመው፤ የራውት ደጋፊዎች ግን ሕዝበ ውሳኔ አገኘን ብለው ተደሰቱ። ሁለቱም ወገኖች ተቃራኒውን እየተረዱ መፈረም የቻሉት ቃሉ ሁለቱንም ስለሚያስተናግድ ይመስላል። በዚያው ወር የተመሠረተው ፓርቲ ጃናማት ተባለ፤ ትርጉሙ የሕዝብ አስተያየት ሲሆን፣ በኔፓሊ ሕዝበ ውሳኔ «ጃናማት ሳንግራሃ» ስለሚባል የቀድሞው ጥያቄ በስሙ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል።

በኖቬምበር 2022 ምርጫ ራውት አንጋፋውን የማዴሽ ፖለቲከኛ ኡፔንድራ ያዳቭን በሳፕታሪ አሸነፉ፤ ፓርቲያቸውም በታችኛው ምክር ቤት 6 መቀመጫ አገኘ። በ2024 የጃናማቱ ሳቲሽ ኩማር ሲንግ ዋና ከተማዋ ጃናክፑር የሆነችው፣ ስምንት አውራጃዎችን የምትይዘው የማዴሽ ክፍለ ሀገር ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ክፍለ ሀገሯ የተዋቀረችው ማዴሺዎች ከ40 በላይ ሰዎች በሞቱበት ተቃውሞ አንቀበልም ባሉት በ2015ቱ ሕገ መንግሥት ነው።