ቤታ ኤችሲጂ ምንድን ነው?

ኤችሲጂ የእርግዝና ሆርሞን ነው። ፅንሱ ማሕፀን ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ፣ ኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሴሎች ያመነጩታል። ሥራው እንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚያድግባት አካል) የማሕፀንን ግድግዳ ለፅንሱ የሚያቆየውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ማምረቷን እንዳታቆም ማድረግ ነው። ይህ ካልሆነ የወር አበባ ይመጣል፣ እርግዝናውም እዚያው ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑ በሁለት በሦስት ቀን እጥፍ ስለሚሆን ለምርመራ ይመቻል። ታዲያ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ «ቤታ ኤችሲጂ» ተብሎ የሚጻፈው ለምንድን ነው? ቤታው ከየት መጣ?

ኤችሲጂ ከሁለት ክፍል የተሠራ ፕሮቲን ነው፤ አንዱ አልፋ፣ ሌላው ቤታ ይባላል። ጣጣው ያለው አልፋው ላይ ነው። እንቁላል እንድትለቀቅ የሚያደርገው ኤልኤች፣ የእንቁላል ከረጢቶችን የሚያሳድገው ኤፍኤስኤች፣ ታይሮይድን የሚያነቃቃው ቲኤስኤች፣ ሁሉም ያንኑ አልፋ ይዘዋል። የሚለያዩት በቤታቸው ነው። የአንድ አባት ልጆችን በአባታቸው ስም ቢጠሯቸው ሁሉም ዞር ይላሉ፤ አንዱን ለመለየት የራሱን ስም መጥራት ግድ ነው።

ድሮ ምርመራው በእንስሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ዜልማር አሽሃይምና በርንሃርድ ዞንዴክ በርሊን ውስጥ የሴትን ሽንት ለአቅም ያልደረሰች አይጥ ላይ ወግተው፣ ከቀናት በኋላ እንቁልጢዋ ማደግ አለማደጉን ያዩ ነበር። ቀጥሎ ጥንቸል መጣች፣ ከዚያ እንቁራሪት። (አይጧም ጥንቸሏም ውጤቱ ምንም ይሁን ምን መሞታቸው አይቀርም ነበር። እንቁራሪቷ ግን እንቁላል ጥላ መልሱን ስለምትናገር ተርፋለች።)

በ1960ዎቹ እንስሳው በፀረ እንግዳ አካል ተተካ። ፀረ እንግዳ አካል ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ የሚይዘውን መርጦ ይይዛል። ጥንቸል ላይ ኤችሲጂ ቢወጋ፣ የጥንቸሏ ደም ኤችሲጂን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ያወጣል። ዘዴው ፈጣን ነው፣ ግን አልፋውንም ስለሚይዝ ኤልኤችን ከኤችሲጂ አይለይም። ኤልኤች ደግሞ ሁሌም ደም ውስጥ አለ፤ በወር ዑደት መሃል ይንራል፣ ካረጡ በኋላ ከፍ ብሎ ይቆያል። ስለዚህ ምርመራው ብዙ ኤችሲጂ ካላየ «አለ» እንዳይል ተደርጎ ይሠራ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ሳምንታት መጠበቅ አለባት ማለት ነው።

ይህን ቋጠሮ የፈቱት አሜሪካዊቷ ሐኪም ጁዲት ቫይቱካይቲስ ከባልደረቦቻቸው ከግሌን ብራውንስታይንና ከግሪፍ ሮስ ጋር ሆነው ነው። ቦታው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ነው። የሚገርመው፣ ፍለጋቸው እርግዝናን ቶሎ ለማወቅ አልነበረም። የሚያሳስባቸው ካንሰር ነበር። ከእንግዴ ልጅ ሴሎች የሚነሳ ኮሪዮካርሲኖማ የሚባል ካንሰር አለ፤ እሱም ኤችሲጂ ያመነጫል። በመድኃኒት ይድናል፣ ግን ሕክምናው መቼ ይቁም? ጥቂት የካንሰር ሴል ከቀረ ጥቂት ኤችሲጂ ይኖራል፤ ያችን ጥቂት ኤልኤች ይሸፍናታል።

መፍትሔው ሙሉውን ሆርሞን ትቶ ቤታውን ብቻ ጥንቸል ላይ መውጋት ሆነ። በዚህ መንገድ የተገኘው ፀረ እንግዳ አካል ኤልኤች መሃል ቆሞ እንኳ ኤችሲጂን ለይቶ ይይዛል። ሥራው የታተመው በ1972 ነው። ያኔ የተያዘውን የሚለኩት በጨረር አመንጪ አዮዲን ምልክት ተደርጎ ስለነበር ላቦራቶሪ ይፈልግ ነበር።

ዛሬ ቤት ውስጥ የሚነከረው ስትሪፕ ጨረር የለውም። ሁለት ፀረ እንግዳ አካሎች አሉት፤ አንዱ ቀለም ተሸክሞ ከሽንቱ ጋር ይሄዳል፣ ሌላው መስመሩ ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። ኤችሲጂ ካለ ሁለቱ ከሁለት በኩል ይይዙታል፣ ቀለሙም መስመሩ ላይ ይቀራል። ቢያንስ አንዱ ቤታውን የሚይዝ መሆን አለበት።

የደም ምርመራም በዚሁ ሁለት ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉድ አለ። አንዳንድ ሰው በደሙ ውስጥ የእንስሳ ፀረ እንግዳ አካልን የሚይዝ የራሱ ፀረ እንግዳ አካል አለው። ይህኛው ከእንስሳ የተገኙትን ሁለቱን የምርመራ ፀረ እንግዳ አካሎች ያለ ኤችሲጂ ያያይዛቸዋል፤ ማሽኑም የሌለ ሆርሞን ይቆጥራል። በዚህ የተነሳ ካንሰር ሳይኖርባቸው ኬሞቴራፒ የወሰዱ፣ ማሕፀናቸውም የወጣ ሴቶች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ማጣሪያው ግን ቀላል ነው። ፀረ እንግዳ አካል ትልቅ ስለሆነ ከደም ወደ ሽንት እንደልቡ አያልፍም፤ ኤችሲጂ ያልፋል። ደም ላይ በደንብ እየታየ ሽንት ላይ ከጠፋ፣ ቢላ ከመነሳቱ በፊት ደሙ በሌላ ኩባንያ መመርመሪያ ይደገማል።