ናስካር ሞቷል? ስለ ስቶክ ካር እሽቅድምድም የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በግንቦት መጨረሻ አንድ እሁድ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከሻርሎት ወደ ኮንኮርድ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘጋግቶብን ቆመናል። ከፊታችን ፒክአፕ፣ ከኋላችን ካምፐር፣ ጎናችን ደግሞ ባንዲራ ያንጠለጠለ ሌላ ፒክአፕ። ሁሉም የ600 ማይሉን የናስካር ውድድር ሊያይ ነው የሚሄደው። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ ሰዓቱን አየና፣ «ይሄ ነገር ሞቷል አላሉም እንዴ?» አለኝ።

«ለቀስተኛው ብዙ ነው ማለት ነው» አልኩት።

ለማያውቅ በአጭሩ፦ ስቶክ ካር እሽቅድምድም መልካቸው የመንገድ መኪና በሚመስሉ መኪኖች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሞላላ ትራክ ላይ የሚደረግ የአሜሪካ ውድድር ነው። ትልቁ አዘጋጅ ናስካር ይባላል። በ1948 ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች ላይ ተቋቋመ (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እስከ 2005 አካባቢ ድረስ አሜሪካን ይዟት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ እየሳሳ ሄደ። መቀነሱን የሚክድ የለም። ስለ ምክንያቱ የሚወራው ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ናስካር ሞቷል»

በዓመቱ ትልቁ ውድድር፣ በዴይቶና 500፣ እንጀምር። በ2006 በአማካይ ወደ 19 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን አየው። በ2023 ያየው 8 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከግማሽ በታች ወርዷል። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ግን በተራው እሁድ የሚደረገው የናስካር ውድድር ዛሬም ከ2 ሚሊዮን በላይ አሜሪካዊ ያየዋል። «አሸነፈው» የሚባለው ፎርሙላ ዋን አሜሪካ ውስጥ በ2025 ያገኘው ከ1 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ማያሚም ላስ ቬጋስም ላይ የሚሮጠው፣ ታዋቂ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ፎርሙላ ዋን ማለቴ ነው። ወሬውና ቁጥሩ አይገናኙም።

ገንዘቡ ደግሞ ጭራሽ ጨምሯል። ከ2015 እስከ 2024 የነበረው የቴሌቪዥን ውል ለ10 ዓመት 8.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከ2025 እስከ 2031 ያለው ለ7 ዓመት 7.7 ቢሊዮን ነው። በዓመት ሲካፈል ከ820 ሚሊዮን ወደ 1.1 ቢሊዮን ወጣ ማለት ነው። ተመልካች እየቀነሰ ዋጋ እንዴት ይጨምራል? ሰው የኬብል ቴሌቪዥኑን እያስቆረጠ ነው። ድራማውን በፈለገው ሰዓት ያያል፣ ማስታወቂያ ይዘላል። በሰዓቱ ቁጭ ብሎ፣ ማስታወቂያውንም ችሎ የሚያየው የቀጥታ ስፖርት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ገበያ ላይ እህል ሲጠፋ የቀረችው ቁና ዋጋዋ እንደሚንር ነው።

«ዴል ኧርንሃርት ሲሞት አብሮት ሞተ»

ይህን ከአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሰምቼ አምኜ ነበር። ያምራላ! ዴል ኧርንሃርት የ7 ጊዜ ሻምፒዮን ነው። ጥቁሯ ባለ 3 ቁጥር መኪናው ዛሬም ቲሸርት ላይ አለች። የካቲት 18 ቀን 2001፣ በዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር፣ ከግንብ ጋር ተላትሞ ሞተ። ደጋፊው እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነው ያዘነው።

ዓመቶቹን ስትደረድሩ ግን ታሪኩ ይፈርሳል። ከእሱ ሞት በኋላ ተመልካቹ አልሸሸም፤ እንዲያውም የናስካር ጣሪያ የመጣው ከ4 እና 5 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው በ2001 ሐምሌ ውድድሩ ወደ ዴይቶና ሲመለስ ያሸነፈው ልጁ ዴል ኧርንሃርት ጁኒየር ነበር። ያንን ያየ ሰው እንዴት ይተዋል?

ስለ ሰው ካነሳን፣ የባሰው ጉዳት የመጣው በጡረታ ነው። ጄፍ ጎርደን በ2015፣ ቶኒ ስቱዋርት በ2016፣ ራሱ ጁኒየር በ2017 ሙሉ የውድድር ዘመን መንዳት አቆሙ። ጁኒየር 15 ዓመት በተከታታይ የሕዝብ ተወዳጅ ሹፌር ተብሎ የተመረጠ ነው። ሹፌሩ ሲሄድ ደጋፊው ቡድኑ ጋ አይቀርም። እዚህ ሰው የሚደግፈው ሹፌር ነው። እንደ ጊዮርጊስና ቡና አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚነገር ሌላ ክፉ ወሬ አለ፤ «ሰው መሞት ሲያቆም ደበረ» የሚል። ከኧርንሃርት በኋላ የአንገት መደገፊያ ግዴታ ሆነ፣ ግድግዳዎቹ ግጭት በሚውጥ ብረትና ፎም ተሠሩ። ከዚያ ወዲህ በዋናው የናስካር ውድድር ላይ የሞተ ሹፌር የለም። በ2020 ዴይቶና ላይ የራያን ኒውማን መኪና ተገልብጣ፣ በሌላ መኪና ተመትታ ሲያይ ሁሉም አበቃለት ብሎ ነበር። በሁለተኛው ቀን የልጆቹን እጅ ይዞ ከሆስፒታል በእግሩ ወጣ። ይሄ የሚደብረው ካለ እሱ ስፖርት አይደለም የሚያየው።

«ሕዝቡ ድራማ ፈልጎ አጣ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን ስህተት የተሳሳቱት የናስካር አለቆች ራሳቸው ናቸው።

ድሮ ሻምፒዮኑ የሚለየው እንደ እግር ኳስ ሊግ ነበር። ከመጀመሪያው ውድድር እስከ መጨረሻው ነጥብ ይደመራል፣ ብዙ ያለው ዋንጫውን ይወስዳል። በ2003 ማት ኬንሴት ዓመቱን ሙሉ አንድ ውድድር ብቻ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። አልወደቀም፣ አልተሰበረም፣ ነጥቡን ለቀመ። ለአለቆቹ ግን አሰልቺ መሰላቸው። በ2004 ደንቡ ተቀየረ፦ ከ36ቱ ውድድሮች 26ቱ ሲያልቁ የመሪዎቹ ነጥብ ተቀራርቦ እንደገና ይጀመርና ቀሪዎቹ 10 ውድድሮች ይወስናሉ ተባለ።

አርሰናል መጋቢት ላይ በ15 ነጥብ እየመራ «በሉ፣ ሁላችሁም ተቀራርባችሁ ጀምሩ» ቢባል አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር አስቡት።

ድራማ ለመፍጠር የታሰበው ደንብ የሰጠው ምን መሰላችሁ? ጂሚ ጆንሰን ከ2006 እስከ 2010 አምስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። በጣም ጎበዝ ሹፌር ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ተመልካቹ ግን በእነዚያው ዓመታት መቀነስ ጀመረ። በ2014 ደግሞ ቅመሙ ተጨመረ። 16 ሹፌሮች ይገባሉ፣ በየሦስት ውድድሩ 4 ይወድቃሉ፣ የመጨረሻዎቹ 4 በአንድ ቀን ይለያሉ። በ2017 እያንዳንዱ ውድድር ራሱ ተቆራርጦ መሀል ላይ ነጥብ መስጠት ተጀመረ። ሒሳቡን ለማስረዳት ብሎ የተቀመጠው የቴሌቪዥን ሰው ራሱ ይደናገር ነበር።

በ2024 ጆይ ሎጋኖ ከውድድሩ ወድቆ ነበር። በኋላ የሌላው ሹፌር መኪና ሲመዘን ክብደቷ አንሶ ተገኘና ተሰረዘ፤ ሎጋኖ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ላስ ቬጋስ ላይ አሸነፈ፣ በመጨረሻም ዋንጫውን በላ። በ2025 የባሰው መጣ። ዴኒ ሃምሊን፣ 60 ውድድር ያሸነፈና አንድም ዋንጫ የሌለው ሰው፣ ፊኒክስ ላይ 208 ዙር መራ። ሊያልቅ ሦስት ዙር ያህል ሲቀረው የሌላ ሹፌር ጎማ ፈነዳና ውድድሩ በቢጫ ባንዲራ ቀዘቀዘ። ሃምሊን አራት ጎማ ቀየረ፣ ካይል ላርሰን ሁለት። ላርሰን ቀድሞ ወጣና ሻምፒዮን ሆነ። በዚያን ቀን አንድም ዙር ሳይመራ! ሃምሊን ከመኪናው ሲወርድ ፊቱን ማየት ይከብድ ነበር።

ድራማ ነው? አዎ። ፍትሕ ነው? ጠያቂው በዛ። በጃንዋሪ 2026 ናስካር የአንድ ቀኑን ፍጻሜ ትቶ 10 ውድድሮችን ወደሚደምረው የ2004 ዓይነት ስሌት እንደሚመለስ አስታወቀ። ይህን ለመረዳት 12 ዓመት ፈጀ።

«ነባሮቹ ደጋፊዎች ናቸው ጥለውት የሄዱት»

ማን ማንን ቀድሞ ጣለ? ስፖርቱ የአሜሪካ ደቡብ ልጅ ነው። ተራራ ውስጥ የቤት አረቄ እያወጡ በሌሊት ከፖሊስ እያመለጡ የሚያመላልሱ ልጆች ናቸው መኪና ማፍጠን የጀመሩት። ስሙ የገነነው ሹፌር ጁኒየር ጆንሰን በዚሁ አረቄ ምክንያት ታስሯል፤ በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ምሕረት አደረጉለት። እናቶቻችን ካቲካላ ሲያወጡ ያየ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1990ዎቹ ገንዘቡ ሲመጣ ናስካር ትልልቅ ከተማ አማረው። በዚያው በጁኒየር ጆንሰን አገር ያለችው ትንሿ የኖርዝ ዊልክስቦሮ ትራክ በ1996 ውድድሮቿን ተነጠቀች። ሮኪንግሃም በ2004 ተከተለች። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ዳርሊንግተን ከ1950 ጀምሮ በሌበር ደይ (በአሜሪካ የሠራተኞች በዓል) ሰሞን የምታዘጋጀው ውድድር ነበራት፤ ለደቡቡ ሰው እንደ ዓመት በዓል ነበር። በ2004 ቀኑ ለካሊፎርኒያ ተሰጠ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ወንበሩን መሙላት አቃታት።

በ2015 ቀኑ ለዳርሊንግተን ተመለሰ። በ2023 ናስካር ከ27 ዓመት በኋላ፣ አረሟ ተነቅሎላት፣ ወደ ኖርዝ ዊልክስቦሮ ትራክ ተመለሰ። ያቺ የካሊፎርኒያ ትራክ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ውድድሯን አድርጋ ተዘጋች።

«ወንበሩ ባዶ የሆነው ስላስጠላ ነው»

በከፊል እውነት አለው። ቴነሲ ያለችው የብሪስቶል ትራክ ወደ 160 ሺህ ሰው ትይዝ ነበር። ከ1982 ጀምሮ 55 ውድድር በተከታታይ ትኬቷ አልቆ ነበር፤ በ2010 ተቋረጠ። ዓመቱን እዩት። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ቀጥሎ ነው። የናስካር ደጋፊ ካምፐሩን ነድቶ ከሩቅ የሚመጣ፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። ቤንዚን ጨመረ፣ ሥራ ጠፋ፣ በውድድር ሰሞን ደግሞ የሆቴል ዋጋ ሰማይ ይነካል። ሶፋው ላይ ቀረ። ቤት መቅረት ደግሞ ይለመዳል።

ዴይቶና በ2016 ስትታደስ ወንበሯን ወደ 101 ሺህ ገደማ ዝቅ አደረገች። ይህን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ግን ልክ ነው እላለሁ። ለ150 ሺህ ሰው የተሠራ ነገር ላይ 90 ሺህ ሰው ቢቀመጥ በቴሌቪዥን ሲታይ ውድማ ይመስላል። 90 ሺህ ሰው እኮ ነው!

«ፖለቲካ ገባበትና ተበላሸ»

በሰኔ 2020 ናስካር የኮንፌዴሬሽኑን ባንዲራ (በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነትን ይዘው የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ ነው) ከትራኮቹ አገደ። «ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው» የሚሉ አሉ። ቁልቁለቱ የጀመረው ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

«የነጮች ብቻ ነው» የሚለውም ሙሉ አይደለም። ዌንደል ስኮት የሚባል ጥቁር የቨርጂኒያ ሰው ነበር። ታክሲ ነድቷል፣ አረቄ አመላልሷል፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ መካኒክ ነበር። በታኅሣሥ 1963 ጃክሰንቪል ላይ አሸነፈ፤ ዳኞቹ ግን ዋንጫውን ለአንድ ነጭ ሹፌር ሰጡ። ከሰዓታት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ፣ «ለካ አንተ ነህ» ተባለ። ቤተሰቡ ዋንጫውን የተቀበለው በ2021 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ አልፎ። በዚያው ዓመት ባባ ዋላስ ታላዴጋ ላይ በማሸነፍ በዋናው የናስካር ውድድር ሁለተኛው ጥቁር አሸናፊ ሆነ። የሚነዳለት ቡድን ባለቤቶች አንዱ ማይክል ጆርዳን ነው። ስለዚህ ዘረኝነት አልነበረም አልልም። ነበር። ግን እዚያም ውስጥ የእኛ መልክ ያለው ሰው መሪ ጨብጧል።

«ተራ የገበያ መኪና እየነዱ ክብ መዞር ነው»

ስሙ ነው የሚያሳስተው። ስቶክ ማለት ከፋብሪካ እንደወጣ ማለት ነበር። በ1949 ሻርሎት ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የናስካር የስቶክ መኪና ውድድር ቀድሞ የገባው ሰው ተሰረዘ፤ የኋላ ባሌስትራው ለአረቄ ጭነት ተጠናክሮ ተገኘ። ዛሬ ግን ካማሮ፣ ሙስታንግና ካምሪ የሚባሉት መኪኖች በር የላቸውም። የፊት መብራታቸው ተለጣፊ ስቲከር ነው። ሞተሩ በብዙ ትራኮች ላይ 670 ያህል ወይም ከዚያ በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ8 ነው። ጎረቤቴ ካምሪ አለችው፤ አይገናኙም።

ክብ መዞሩንስ? የታላዴጋ መታጠፊያ 33 ዲግሪ ያጋደለ ነው። በእግር ለመውጣት ሞክሩት። መኪናው ውስጥ ያለው ሙቀት ከ50 ዲግሪ ያልፋል፣ ለሦስትና አራት ሰዓት። ደግሞ ግራም ቀኝም የሚታጠፍባቸው ትራኮች አሉ፤ በ2023 ቺካጎ መሀል ከተማ፣ በዝናብ፣ መንገድ ዘግተው ሮጠዋል።

«ሐበሻ እዚያ ምን ይሠራል?»

ይህ የጓደኛዬ ጥያቄ ነው። እንደ እግር ኳስ ስታዲየም ውሃ እንኳ በር ላይ የሚቀሙ መስሎት ነበር። የሻርሎት ትራክ የራስን ምግብና መጠጥ በትንሽ ኩለር ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ብዙዎቹ የናስካር ትራኮች እንዲሁ ናቸው። እኛም ፍርፍር ይዘን ገባን። ከጎናችን የተቀመጡት ባልና ሚስት ቀመሱ፤ ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ሁለተኛ ጠየቀ። የጆሮ መድፈኛ ረስተን ስለነበር እሱ ሰጠን። ጓደኛዬ እስከ መቶኛው ዙር ድረስ ስልኩን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ማን እየመራ እንደሆነ ጠየቀኝ።