ሐና እህል የቀመሰችው መቼ ነው?

ስለ ሐና ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው እንዲህ ነው። አለቀሰች፣ ጸለየች፣ ሳሙኤልን ወለደች። እውነት ነው። ግን ታሪኩን በዚህ መልክ አሳጥረን ስንናገር፣ ልጅ ስትጠብቅ ዓመታት ያለፏት እኅታችን ነጠላዋን ተከናንባ እዚያው ቆማ እየሰማች መሆኑን እንረሳለን። እሷም ጸልያለች። እሷም አልቅሳለች። «የእኔ ጸሎት ምን ጎደለው?» እያለች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይሄ ነገር ያመኛል። ስለዚህ ዛሬ ጸሎት ለምን እንደሆነ ከሐና ጋር ሆነን እንየው።

1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን አውጡ (በግእዙ አቆጣጠር ቀዳማዊ ነገሥት ነው)። ሐና የሕልቃና ሚስት ናት። ጣውንቷ ፍናና ልጆች አሏት፣ እሷ የላትም። በየዓመቱ ሊሰግዱና ሊሠዉ የእግዚአብሔር ቤት ወዳለበት ወደ ሴሎ ሲወጡ ፍናና ትነካካታለች፣ ታበሳጫታለች፣ ሐናም ታለቅሳለች፣ እህል አልወርድ ይላታል። ባሏ ይወዳታል። «እኔ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽም ወይ?» ይላታል። ደግ ሰው ነው፤ ቁስሏ ያለበት ቦታ ድረስ ግን መግባት አልቻለም። የሚወደን ሰው ሁሉ ጭንቀታችን ይገባዋል ማለት አይደለም።

አንድ ቀን ግን ተነሥታ ወደ እግዚአብሔር ፊት ሄደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ልጅ ስጠኝ ብላ ለምናለች፣ ስእለትም ተስላለች፣ ቁጥር 11 ላይ አለ። ዔሊ ሲገሥጻት ግን ስታደርግ የነበረውን የገለጸችው «ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ» ብላ ነው። ማፍሰስ! ውኃ ከእንስራ ሲገለበጥ አተላውም ምኑም አብሮ ይወጣል። ንዴቷ፣ ቅናቷ፣ እፍረቷ፣ ለሕልቃና እንኳ ያልነገረችው ሁሉ ወጣ።

አሁን ቁጥር 18ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ የኀዘንተኛ ፊት አልሆነም።

ልጅ ግን ገና የለም። አልፀነሰችም። ፍናናም እዚያው ናት። ዔሊ እንኳ ምን እንደለመነች አልጠየቃትም፣ እግዚአብሔር የለመንሽውን ይስጥሽ ብሎ ባርኮ ነው የሸኛት። ከቤተ መቅደሱ ስትወጣ በእጇ ምንም አልነበረም፣ እህል ግን በላች።

እኔ ለብዙ ዓመት ጸሎቴ ዝርዝር ነበር። የቤት ኪራይ፣ የሥራ ነገር፣ የእናቴ ሕመም፣ አሜን። ይህን መለመን ስሕተት ነው እያልኩ አይደለም። የዕለት እንጀራችንን ስጠን በሉ ያለን ራሱ ጌታ ነው። ግን ያው ጌታ «ሳትለምኑት አባታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ያውቃልና» ብሏል፣ ማቴዎስ 6፥8። እሱ የሚያውቀውን ነገር አስታውሼ ብቻ ከተነሣሁ ከአባቴ ጋር መቼ ተገናኘሁ? እናቴ የታመመች ጊዜ አንድ ሌሊት ቃል ጠፋኝ። ዳዊቴን ገልጬ ፊደሉ አልታይ አለኝ። ዝም ብዬ ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ በማግሥቱ አልተነሣችም፣ ሕመሙ ብዙ ቆይቷል። እኔ ግን በማግሥቱ አጠገቧ ስቀመጥ ፍርሃቱ እንደ ድሮው አላነቀኝም። ለጸሎት ያለኝ አስተያየት የተለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጌታችንም ለእኛ አርአያ ሊሆነን በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ጸልዮአል። እንዲያልፍ የለመነው የመከራ ጽዋ አላለፈም። ከጸሎቱ በኋላ ግን ለደቀ መዛሙርቱ ያላቸው «ተነሡ እንሂድ» ነው። ሊይዙት ወደሚመጡት ሰዎች!

ስለዚህ ወገኖቼ፣ መልስ የዘገየባችሁ፣ ጸሎታችሁ ከንቱ የቀረ አይምሰላችሁ። ውዳሴ ማርያማችሁን አድርሱ፣ ስግደታችሁንም ስገዱ፣ የለመዳችሁትን ሥርዓት አትተዉ፣ ቃል ሲጠፋባችሁ የአባቶች ቃል ደግፎ ይይዛችኋል። ከዚያ በኋላ ግን ቶሎ አትነሡ። ትንሽ ቆዩ። ለማንም ያልነገራችሁትን ንገሩት። ተቆጥታችሁ ከሆነም እንደተቆጣችሁ ንገሩት፣ እሱ እንደ ዔሊ አይሳሳትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዳዊት መጽሐፋችን ከመዝሙራቱ ቀጥሎ ከነቢያት ጸሎቶች ጋር ጸሎተ ሐናን እናገኛለን፣ «ልቤ በእግዚአብሔር ጸና» የሚለውን። ብዙዎቻችን ልጁን ታቅፋ የዘመረችው ይመስለናል። ምዕራፉን ስታነቡት ግን ጡት አስጥላ፣ ሴሎ ወስዳ፣ ለእግዚአብሔር ከሰጠችው በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያለቀሰችለትን ልጅ ትታ ወደ አገሯ ወደ ራማ ልትመለስ ነው፣ አፏ ግን በምስጋና ተሞላ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራችለት፣ ከባሏ ጋር ለመሥዋዕት ስትወጣ ይዛለት ትሄድ ነበር።