የቆዩ ላንድሮቨሮችን በቤት ጋራዥ ማደስ

«ሲሪስ» በሚል ስም የሚታወቁትን የቀድሞ ላንድሮቨሮች በመኖሪያ ቤት ጋራዥ ፈትቶ ማደስ በብሪታንያ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ለዚህ ያበቃው የመኪናው የተመሰገነ አሠራር ነው፤ አካሉ በብረት ሻንሲ (መኪናውን በሚሸከመው የታች ቋሚ አጽም) ላይ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ትዕግሥት ያለው ባለቤት በተራ የእጅ መሣሪያ ሊፈታው ይችላል።

ላንድሮቨር በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ በሚያዝያ 1948 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲቀርብ ብሪታንያ ገና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አላገገመችም ነበር። ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር የሮቨር ኩባንያ የአካሉን ሽፋን በርማብራይት ከተባለ የአሉሚኒየም ቅይጥ ሠራው። የመጀመሪያው ናሙና በጂፕ ሻንሲ ላይ የተገነባ ሲሆን መሪው መሐል ላይ ነበር። የሮቨር ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ንድፉን በዌልስ በሚገኘው የአንግልሲ ደሴት ዳርቻ አሸዋ ላይ እንደጫረው ይነገራል። ሁለተኛው ሲሪስ በ1958፣ ሦስተኛው በ1971 ተከተሉ፤ የሦስተኛው ምርት በ1985 አበቃ።

አሉሚኒየሙ እንደ ብረት ባይዝግም ከብረት ጋር በተነካካበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ይበላል። ሻንሲው ደግሞ በተለይ ከኋላው ተሻጋሪ ብረትና አካሉን ከሚሸከሙት የጎን ክንዶች ይዝጋል። ስለዚህ የሥራው ቦታ ደረቅ፣ ወለሉም ሥሩ ገብቶ ለመሥራት የሚያመች ደልዳላ ሲሚንቶ ሊሆን ይገባል። በክሪክ የተነሣ መኪና በመደገፊያ ብረት ሳይያዝ ማንም ሥሩ መግባት የለበትም።

ባለ 88 ኢንቹ ሞዴል (ቁጥሩ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ነው) 3.6 ሜትር ያህል ርዝመትና 1.7 ሜትር ያህል ወርድ ስላለው ጠባብ ጋራዥ ይበቃዋል፤ አካሉ ከሻንሲው ሲነሣ ግን የሚይዘው ቦታ እጥፍ ይሆናል፣ ጀማሪዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። የመፍቻ ቁልፎች ማንጠልጠያውም እንዲሁ ሰፋ ማለት አለበት፤ በመጀመሪያው ሲሪስ ዊትዎርዝና ቢኤስኤፍ የተባሉ፣ በኢንች የሚለኩ የቆዩ የብሪታንያ ጥርሶች ያሏቸው ቡሎኖች ስለሚገኙ የሚሊ ሜትር ቁልፍ ብቻ የያዘ ሰው የቡሎኑን ጠርዝ ይበላዋል።

የዛገውን ሻንሲ ቆርጦ በመበየድና በዚንክ የተነከረ አዲስ በመግዛት መካከል ክርክር አለ፤ አንዳንዶች ሻንሲው ከተለወጠ መኪናው ማንነቱን ያጣል ይላሉ። በእርጥብ አየር ግን የዚንኩ ብልጫ አያጠያይቅም።

የቆዩ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርባቸው ስለሚችል አቧራቸው በኮምፕሬሰር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁም በላስቲክ ታሽጎ ይወገዳል።