የባሕር ባክቴሪያዎች ተራ

ሰሜን ሸዋ ዛሬ ባሕር የለውም። ድሮ ግን ነበረው። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሲወረድ የሚታየው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ከባሕር በታች የተከማቸ ደለል ነው። ጠጋ ብሎ ላየው የዛጎል ቅርጽ አይጠፋበትም። ስለ ባሕር ለመጻፍ እኛም መብት አለን!

በአንድ ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ፣ ማለትም በ20 ጠብታ ገደማ፣ ወደ 1 ሚሊዮን ባክቴሪያ ይኖራል። ከወቅት ወቅት ግን አንዱ ዓይነት ይበዛል፣ ሌላው ያንሳል። በቤርሙዳና በሃዋይ አቅራቢያ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየወሩ ገደማ ውሃ እየተቀዳ ይመረመራል። በገፅ ውሃ እጅግ የሚበዛው ሳር 11 የተባለው ነው። ስሙ የመጣው ከሳርጋሶ ባሕር ነው፤ ከብት ከሚግጠው ሳር ጋር አይገናኝም።

ተራው በደንብ የታየው በጀርመኗ የሄልጎላንድ ደሴት ነው። በ2009 እ.ኤ.አ.፣ በፀደያቸው ወራት፣ አልጌው (በውሃው የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት) በአንድ ጊዜ በዛ፣ ከዚያ ሞተ። ሲሞት ከውስጡ ስኳር ይወጣል። ይህን ከሚበሉት ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ኡልቪባክተር ተነሣ፣ ፎርሞሳ ተከተለ፣ ፖላሪባክተር ደግሞ ዘግይቶ ደረሰ። ሁሉም በሳምንታት ውስጥ። እያንዳንዱ የሚፈጨው የስኳር ዓይነት ይለያያል፤ ማዕዱ ሲቀየር ተመጋቢውም ይቀየራል። በቀጣዮቹ ዓመታትም ከሞላ ጎደል እነዚያው ቡድኖች ተመልሰው መጥተዋል።

በእንግሊዝ ቻናል፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር፣ ለ6 ዓመት በተደረገው ክትትል ደግሞ የዓይነቱ ብዛት ጫፍ የሚደርሰው በክረምታቸው፣ ቀኑ ሲያጥር ነው። ብርሃኑ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ነገር አብሮት ይለወጣል የሚለው ያከራክራል።

ያነሱት የት ይሄዳሉ? የትም። ከዚያው ቦታ የተቀዳ የአንድ ናሙና ዲኤንኤ በጥልቀት ሲነበብ፣ በ6ቱ ዓመት ከታዩት ዓይነቶች ከ95 በመቶ በላይ ተገኝተውበታል። ጥቂት ጥቂት ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሸዋ እናቶች ይህን ያለ ማይክሮስኮፕ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ከቡሖው አናት የሚቀዳው ቢጫ ውሃ፣ እርሾው፣ ለሚቀጥለው ሊጥ ይቀመጣል። በሊጡም ውስጥ ተራ አለ፦ ቀድመው የበዙት ኮምጣጣው ሲበረታ ይደክማሉ፣ ኮምጣጣ የሚችሉት ቦታውን ይይዛሉ። በደብረ ብርሃን ብርድ ተራው ይጓተታል፤ ስለዚህ ቡሖው ብርድ ልብስ ይደረብለታል።