ፕሌይራይት ምንድን ነው? ከየትስ ይጀመራል?

ሳፋሪኮም በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ሲመጣ፣ እኛ የሠራነው አንድ የምዝገባ ፎርም «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» እያለ ሰው መመለስ ጀመረ። ፎርሙ ሲሠራ የሚያውቀው 09ን ብቻ ነበር። አስተካከልነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር ስንነካካ ያው ስህተት ተመልሶ መጣ። ማናችንም አላየነውም፤ ስንሞክር ሁላችንም የምናስገባው የራሳችንን የ09 ቁጥር ነበራ። ፕሌይራይትን የጀመርኩት ያኔ ነው።

ፕሌይራይት ሰው ብራውዘር ላይ የሚያደርገውን በኮድ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ገጹን ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ ክሊክ ያደርጋል፤ ከዚያ የጠበቃችሁት ነገር መምጣቱን ያያል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። በጃቫስክሪፕት፣ በፓይተን፣ በጃቫ ወይም በዶት ኔት ይጻፋል።

ከሱ በፊት ሴሊኒየም የሚባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ የሞከረ ሰው፣ በተኑ (ክሊክ የሚደረገው ቁልፍ) ገና ሳይመጣ ቴስቱ (ገጹን የሚሞክረው ኮድ) ቀድሞ ክሊክ ለማድረግ ሲሞክር የሚፈጠረውን ጣጣ ያውቀዋል። ፕሌይራይት በተኑ እስኪታይና ክሊክ መደረግ እስኪችል ራሱ ይጠብቃል። መታየት ያለበት ጽሑፍ ቶሎ ባይመጣም እስከ 5 ሰከንድ ደጋግሞ ያያል። ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። የምትጽፉት በጃቫስክሪፕት ከሆነ፣ ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደውን ኖድ ጄኤስን ኢንስቶል አድርጉ፤ ከዚያ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የፕሌይራይትን ማስጀመሪያ ትዕዛዝ ስጡ። ፎልደሩንና ናሙና ቴስቱን እሱ ያዘጋጅላችኋል። ቴስቱ የሚሠራባቸው ብራውዘሮች፣ ማለትም ክሮሚየም፣ ፋየርፎክስና ዌብኪት፣ አንድ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላሉ፤ ዳታ እንዳያልቅባችሁ ለጊዜው ክሮሚየምን ብቻ አውርዱ።

ቀጥሎ ኮድጄን የሚባለውን የፕሌይራይት መቅጃ ክፈቱ። ብራውዘር ይከፈታል። እናንተ እንደወትሮው ስትጽፉና ክሊክ ስታደርጉ ኮዱ ጎን ላይ እየተጻፈ ይሄዳል። ለጀማሪ እንደዚህ የሚያስተምር ነገር አላየሁም። ግን ልብ በሉ፦ ኮድጄን ያደረጋችሁትን ይቀዳል እንጂ ትክክሉ ምን እንደሆነ አያውቅም። እሱን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። የኔ የመጀመሪያ ቴስት ይህችው ነበረች፦ የ07 ቁጥር አስገባ፣ «ይመዝገቡ» የሚለውን ክሊክ አድርግ፣ «ተመዝግበዋል» የሚል ጽሑፍ መታየቱን አረጋግጥ። ቀጥሎ አንድ አሃዝ የጎደለው ቁጥር ሰጠሁት፤ እዚህ ላይ ፎርሙ እምቢ ማለት አለበት።

ፕሌይራይት በተንን በላዩ ባለው የአማርኛ ጽሑፍ ፈልጎ ያገኛል። ሆኖም ለሱ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ጽሑፉን ከራሱ ከገጹ ኮፒ አድርጉ። የገጻችሁ መፈለጊያ ግን እንዲህ መለየት የለበትም፤ «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ሰው ፀሐይን ማግኘት አለበት። ለዚህም ቴስት ጻፉለት።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የልደት ቀን የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን 6ን አትርሱ። በአራት ዓመት አንዴ ስለምትመጣ በእጅ ስንሞክር ማንም አያስታውሳትም። በ2015 ነበረች፣ ቀጥላ የምትመጣው በ2019 ነው። ፎርማችሁ የ2015ን ጳጉሜን 6 መቀበል፣ የ2016ን ደግሞ መመለስ አለበት። ሁለት አጫጭር ቴስቶች ናቸው፤ ዛሬውኑ ይጻፋሉ።