«ዴሲሜት» ምንድን ነው? ከአሥር አንዱ የሞተበት ቃል

የእንግሊዝኛ ዜና የሚከታተል ሰው «ዴሲሜት» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያገኘዋል። በሽታ የዱር እንስሳትን ዴሲሜት አደረገ። ጦርነቱ የአገሪቱን ኢንዱስትሪ ዴሲሜት አደረገ። ትርጉሙ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከአንድ ትልቅ ብዛት ውስጥ እጅግ ብዙውን መግደል ወይም ማጥፋት። ቃሉን በአደባባይ የጻፈ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ አራሚ ብቅ ይልበታል። «ይቅርታ፣ ዴሲሜት ማለት እኮ ከአሥር አንድ ማጥፋት ብቻ ነው» ይለዋል።

አራሚው ይህን ከኪሱ አላመጣውም። የቃሉ ሥር በላቲን አሥር ማለት ነው። ዴሲማል (አሥርዮሽ) የሚለውም ከዚያው የወጣ ነው። ዲሴምበርም እንደዚሁ፤ በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር አሥረኛው ወር ነበርና።

ሮማውያን ቃሉን የተጠቀሙበት ለአንድ አሰቃቂ ወታደራዊ ቅጣት ነው። አንድ ክፍለ ጦር ከውጊያ ቢሸሽ አዛዡ ችግር ይገጥመዋል። ሁሉንም ቢገድል ጦሩን ራሱ ጨረሰው። ዝም ቢል ነገ ሌላውም ይሸሻል። መፍትሔው ዕጣ ነበር። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ አሠራሩን ጽፎልናል። ከሸሹት መካከል ከአሥር አንድ ገደማ በዕጣ ይለያል። ዕጣው የወጣበት በዱላና በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይሞታል። የተረፉትም በነፃ አይለቀቁም። በስንዴ ፋንታ ገብስ ይሰፈርላቸዋል፤ ከሰፈሩ አጥር ውጭ፣ ጠላት በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ድንኳናቸውን እንዲተክሉ ይደረጋል።

በጣም የሚታወቀው ታሪክ የሮማዊው የጦር አዛዥ የክራሰስ ነው። በስፓርታከስ የተመራው የባሮች አመፅ ሮምን ባስጨነቀበት ጊዜ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ገደማ፣ የክራሰስ ወታደሮች መሣሪያቸውን እየጣሉ ፈረጠጡ። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው ክራሰስ መጀመሪያ የሸሹትን 500 ሰዎች በ50 ቡድን ከፈላቸው። ከእያንዳንዱ አሥር አንድ አንድ ሰው በዕጣ አውጥቶ፣ ሌላው ጦር እያየ አስገደለ። ቅጣቱ በዚያን ጊዜ እንኳ የቆየና የተረሳ ነበር፤ እሱ ነው ከመቃብር ያወጣው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። የቅጣቱ ዓላማ ማጥፋት አልነበረም። ዘጠኙ በሕይወት ተርፈው፣ ፈርተው፣ ተመልሰው እንዲዋጉ ነበር የተፈለገው። ዛሬ ጋዜጣ «ዴሲሜት ሆነ» ሲል ዘጠኙ አልቀው አንዱ የተረፈ ያህል ነው የምንረዳው። ቃሉ ሙሉ በሙሉ ተገልብጧል ማለት ይቻላል።

መንገድ ላይ ሌላ ትርጉምም ይዞ ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1655 የኦሊቨር ክሮምዌል መንግሥት በንጉሡ ደጋፊዎች ላይ የገቢያቸውን አንድ አሥረኛ ግብር ጣለ። የግብሩ ስም «ዴሲሜሽን» ነበር። የፈሰሰ ደም የለም፤ የተጎዳው ኪስ ነው። ሰፋ ያለው ትርጉም፣ ማለትም ብዙ ማጥፋት፣ በእንግሊዝኛ የታየውም እዚያው 17ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው። ስለዚህ «ስሕተቱ» ትናንት የመጣ አይደለም። ቅሬታው ነው ዘግይቶ የመጣው። አሜሪካዊው ሃያሲ ሪቻርድ ግራንት ዋይት እ.ኤ.አ. በ1870 በዚህ ቃል አጠቃቀም ላይ ሲያማርር እናገኘዋለን። ያን ጊዜ ሰፊው ትርጉም ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ነበር።

እኔ ከአራሚዎቹ ጋር አልቆምም። ከአሥር አንድ ብቻ ለማጥፋት የተለየ ቃል በየቀኑ የሚያስፈልገው ማነው? ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. ከ1347 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶውን እንደፈጀ ይገመታል። ለዚህ «ዴሲሜት» ሲባል በጥሬው ከተቆጠረ ማሳነስ ነው፤ ግን ማንም በጥሬው አይቆጥረውም።

ያም ሆኖ የድሮው ቁጥር ጨርሶ አልሞተም። ቃሉ ዛሬም ተቆጥሮ የሚጎድል ነገር ይፈልጋል፤ ሕዝብ፣ ጦር፣ መንጋ፣ ደን፣ የሠራተኛ ቁጥር። አንድ መኪና ዴሲሜት ሆነ ቢባል ለጆሮ ይጎረብጣል። «መቶ በመቶ ዴሲሜት ሆነ» ማለትም አይመከርም፤ ቃሉ የሚተርፍ ነገር እንዳለ ያስባልና። «በ40 በመቶ ዴሲሜት ሆነ» ደግሞ ሁለት ሒሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለሚሆን አራሚውን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

የሚተርፍ ነገር አለ አልን። እንዲያውም የእንግሊዝኛን የጥፋት ቃላት ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ ከጥፋቱ በኋላ ምን ቀረ?

«ሩዊን» ከሆነ ነገሩ አለ፤ ግን ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ቀለም የፈሰሰበት ሸሚዝ ሩዊን ሆነ ይባላል። አስቀድሞ የታወቀ ድንገተኛ ድግስም ሩዊን ሆኗል። ቁማር የጨረሰው ሰው ራሱ በሕይወት አለ፤ ኑሮው ነው የተበላሸው። ቃሉ በብዙ ቁጥር ሲመጣ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ማለት ይሆናል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚጎበኘው ብቸኛው ጥፋት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ጋትድ» ከሆነ ግድግዳው ቆሟል፤ ውስጡ ግን አልቋል። ከሆድ ዕቃ የመጣ ቃል ነው፤ ዓሣ ሲጸዳ ሆድ ዕቃው እንደሚወጣው። እሳት የበላው ሕንፃ ዜና ላይ በብዛት ይገኛል። እንግሊዞች ደግሞ ቡድናቸው በመጨረሻው ደቂቃ ጎል ሲገባበት «ጋትድ ነኝ» ይላሉ።

«ኦብሊተሬት» ከሆነ ምልክት እንኳ አይቀርም። በላቲን ፊደልን ከመፋቅ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ጽሑፍንም ጠላትንም የምንደመስሰው በአንድ ቃል ነው። «አናያሌት» ከዚያም ይብሳል፤ ሥሩ «ምንም» ነው፤ ወደ ምንም መለወጥ። የፊዚክስ ሰዎች ቃሉን ወስደው አንድ የሚያስቅ ነገር አድርገውበታል። ኤሌክትሮንና ተቃራኒ ቅንጣቱ ፖዚትሮን ተገናኝተው ሲጠፋፉ አናያሌት ሆኑ ይላሉ፤ ግን ጉልበታቸው በጋማ ጨረር መልክ ይወጣል። ሆስፒታል ውስጥ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ፔት ስካን የሚሠራው ያንን ጨረር በመያዝ ነው። ወደ ምንም የተለወጠ የለም ማለት ነው።

«ዲሞሊሽ» ማፍረስ ነው፤ የሚለየው በሌላ ነገር ነው፤ በአብዛኛው ከጀርባው የሰው ሐሳብ አለ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃ ዲስትሮይ ያደርጋል፣ ያወድማል። ዲሞሊሽ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ፈቃድ የያዘ ተቋራጭ ነው። የሰውን ክርክር ነጥብ በነጥብ ማፍረስም በዚሁ ቃል ይነገራል፤ ያም ታስቦበት ስለሚሠራ ይሆናል።

«ዴቫስቴት» አገር ምድሩን ባድማ ማድረግ ነው። አውሎ ነፋስ ደሴትን፣ ጎርፍ አውራጃን። ስፋት ይፈልጋል፤ ስልክ ዴቫስቴት አይሆንም። ሰው ግን ይሆናል። የቅርብ ሰው የሞተበት «ዴቫስቴትድ ነኝ» ቢል ውስጤ ባዶ ቀረ ማለቱ ነው። ይህን ቃል ስልክ ለጠፋበት ሰው ማዋል በእንግሊዝኛም ማጋነን ነው፤ ሰዉ ግን ያውለዋል።

«ሃቮክ» ታሪኩ ከሁሉ ይለያል። መጀመሪያ ጩኸት ነበር። አዛዡ «ሃቮክ!» ብሎ ሲጮህ ወታደሩ ሰልፉን ትቶ እንዲዘርፍ ተፈቀደለት ማለት ነው። በንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1385 የወጣው የጦር ደንብ ያለ ፈቃድ ይህን የሚጮህ አንገቱ እንዲቀላ ያዛል። ዛሬ በረዶ በትራፊክ ላይ፣ ቫይረስ በኮምፒውተር ላይ «ሪክ ሃቮክ» ያደርጋል፤ ጥፋት ያደርሳል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሪክ» እና «ሬክ» ለየብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ማድረስ፣ ሁለተኛው ማጋጨት ወይም መሰባበር። ጥፋትን «ሬክ» ካደረጉት ጥፋቱን ራሱን አጠፉት ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ ግን «ሬዝ» ነው። ከመሬት ጋር ማስተካከል ማለት ነው። ችግሩ ማንሣት፣ ከፍ ማድረግ የሚለውም ቃል በእንግሊዝኛ ሲነገር ፍጹም አንድ ዓይነት ድምፅ አለው። ሲጻፍ ፊደሉ ይለያል፤ ጆሮ ግን ፊደል አያይም። ሬድዮ ላይ «ቤቱ ሬዝድ ሆነ» ቢባል ፈረሰ ነው ወይስ ከፍ ተደረገ? ለዚህ ነው «ቱ ዘ ግራውንድ» የሚለው ጭማሪ የሚከተለው፤ እስከ መሬት ድረስ። አራሚዎች ይህንንም ትርፍ ቃል ነው ይሉታል። እስቲ ሳያዩ ይስሙት።